ሐኪሙና ማሽኑ፦ ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ የሚመጣው ሕክምና

እ.ኤ.አ. በ2016 የሰው ሠራሽ አስተውሎት ምርምር ፈር ቀዳጅ ከሚባሉት አንዱ ጄፍሪ ሂንተን የራዲዮሎጂ ሐኪሞችን ማሠልጠን ከአሁኑ ቢቆም ይሻላል ሲል ተናገረ። በአምስት፣ ቢበዛ በአሥር ዓመት ውስጥ ራጅና ሲቲ ስካን በማንበብ ማሽኑ ሐኪሙን ይበልጠዋል የሚል እምነት ነበረው። ማሽኑ ከዚያ ወዲህ በእርግጥ ብዙ ተምሯል። የራዲዮሎጂ ሐኪሞች ግን ዛሬም በአሜሪካ ሆስፒታሎች ተፈልገው የሚታጡ ባለሙያዎች ናቸው።

ይህ ክርክር የተወለደው ከእኛ ይልቅ ሐኪም በበዛበት አገር ነው። ማሽኑ ሐኪሙን ይተካዋል ወይ ብሎ ለመጠየቅ መጀመሪያ የሚተካ ሐኪም መኖር አለበት። በኢትዮጵያ ያለው ሐኪም ለ10,000 ሰው አንድ ገደማ ነው። ሆሳዕና ላይ የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከሀዲያ ወጥታ በቤተ መንግሥት ትልቅ ሥልጣን በያዘችው ንግሥት ስም የተሰየመው የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ። ከዚያ ወጥቶ ወደ ሆመቾ፣ ወደ ሾኔ፣ ወደ ዱራሜ፣ ወደ ሺንሺቾና ወደ ዶዮገና ለሚሄድ ሰው የስፔሻሊስቱ ቁጥር እየሳሳ ይመጣል። ጤና ጣቢያ ላይ በሽተኛውን የሚያየው ጤና መኮንን ወይም ነርስ ነው። ጤና ኬላ ላይ የምትገኘው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት።

ስለዚህ እዚህ አካባቢ ስለሚመጣው ሕክምና ስናስብ መመዘኛችን ሌላ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። ማሽኑ በሽተኛውን ኃላፊነት ወደሚወስድ ሰው ያቀርበዋል ወይስ ከዚያ ሰው ያርቀዋል? በዓለም ላይ እስካሁን የታዩት ውጤቶች፣ የአገራችን የሕክምና ታሪክ፣ ቋንቋችንና ሕጋችን በዚህ መመዘኛ ሲታዩ ተስፋውም አደጋውም ጎልቶ ይወጣል።

ሐኪም ሳይሆኑ ያከሙን

የሕክምናን ሥራ ሐኪም ላልሆነ ማካፈል ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒቴሪያን በቡድን እያሠለጠነ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ላከ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶችን ለአንድ ዓመት አሠልጥኖ በየቀበሌው ሁለት ሁለት መደበ። ከ2002 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ደግሞ ጤና መኮንኖች ለሦስት ዓመት ተጨማሪ ሥልጠና መውሰድ፣ ከዚያም ምጥ የጠናባትን እናት በቀዶ ሕክምና ማዋለድ ጀመሩ።

ከሁሉም የሚደንቀው የማሚቱ ጋሼ ታሪክ ነው። በምጥ ተጎድታ ለመታከም አዲስ አበባ የመጣች፣ ትምህርት ቤት ገብታ የማታውቅ ልጅ ነበረች። የፊስቱላ ሐኪሞቹ ባልና ሚስት ሬጅናልድና ካትሪን ሃምሊን አጠገብ ቆማ፣ በማገዝ ጀምራ፣ እጇ እየሠለጠነ ሄዶ የፊስቱላ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1989 የለንደኑ የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ለሃምሊኖቹና ለእሷ የወርቅ ሜዳልያ ሰጠ።

እነዚህ ሁሉ ሲጀመሩ ጥርጣሬ ገጥሟቸዋል፤ የጥርጣሬውም ምክንያት ተገቢ ነበር። የተሳካላቸው ግን በሦስት ነገር ነው። የሥራቸው ድንበር ተለይቶ ተሰጣቸው። ከአቅማቸው በላይ የሆነውን ሪፈር የሚሉለት ሰው ከበላያቸው ነበር። ጥፋት ሲፈጠር ደግሞ በስማቸው ተጠያቂ ነበሩ። ማሽን ወደ ጤና ጣቢያችን ሲገባ ልንጠይቀው የሚገባው እነዚህኑ ሦስቱን ነው።

ማሽኑ የሚበልጥበት ሥራ

ማሽኑ ጥሩ የሚሠራው ተመሳሳይ ምስል ደጋግሞ በማየት ላይ በተመሠረተ ሥራ ነው። በስዊድን ከ80,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት የጡት ራጅን በማሽን እገዛ ማንበብ ከተለመደው የሁለት ሐኪሞች ንባብ ጋር አነጻጽሯል። የሐኪሞቹ የንባብ ሥራ በ44 በመቶ ቀነሰ፤ የተገኘው ካንሰር ግን አልቀነሰም። በእኛም አገር የኢትዮጵያ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት የጡት ካንሰርን ከምስል በሚለይ ሥርዓት ላይ እየሠራ መሆኑን ገልጿል።

ለሀዲያና ለከምባታ ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ የሳንባ ነቀርሳ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ የደረት ራጅን ሰው ባያነበው እንኳ ኮምፒውተር አንብቦ ማን የአክታ ምርመራ እንደሚያስፈልገው እንዲለይ ፈቅዷል። ኢትዮጵያ የሳንባ ነቀርሳ ከሚበረታባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። የራጅ መሣሪያ ቢኖርም የሚያነበው ራዲዮሎጂስት በሌለበት ቦታ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የበሽታውን መኖር የሚያረጋግጠው አሁንም የአክታ ምርመራው ነው፤ ማሽኑ ወረፋውን ያስተካክላል እንጂ መድኃኒት አያዝም።

ሌላው የእናቶች ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ፣ በዛምቢያና በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና የተሠራ ጥናት አልትራሳውንድ ተምረው የማያውቁ ሰዎች መሣሪያውን በእናቲቱ ሆድ ላይ በተነገራቸው አቅጣጫ ብቻ ሲያንቀሳቅሱ ማሽኑ የእርግዝናውን ዕድሜ ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር በሚቀራረብ ልክ መገመት እንደሚችል አሳይቷል። የመጨረሻ የወር አበባዋን ቀን የማታስታውስ እናት በሞላችበት ገጠር አዋላጅ ነርሷ ይህን ብታገኝ ምጥ ያለጊዜው ሲመጣ ለይታ ታውቃለች። ወደ ሆሳዕና ወይም ወደ ዱራሜ የምትልካትንም በጊዜ ትልካለች።

ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ አንድ ደረጃ ወደፊት ሄዳለች። በናይሮቢ በ15 ክሊኒኮች ወደ 40,000 በሚጠጋ የሕክምና ጉብኝት ላይ የተሞከረ መሣሪያ ክሊኒካል ኦፊሰር የሚባሉት ባለሙያዎች ካርዱን ሲሞሉ ከጀርባ ሆኖ ያነባል። ስህተት ሲጠረጥር በቢጫ ወይም በቀይ ያስጠነቅቃል። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ውጤት እንደሚለው በምርመራ የሚፈጠር ስህተት በ16 በመቶ፣ በሕክምና አሰጣጥ የሚፈጠረው በ13 በመቶ ቀንሷል። ጥናቱን ያካሄዱት ራሳቸው የመሣሪያው ባለቤቶች ስለሆኑ በጥንቃቄ መነበብ አለበት። በበሽተኞቹ መዳን ላይ ያመጣው ልዩነትም ገና አልተረጋገጠም። አሠራሩ ግን ትምህርት ይሰጣል፤ የመጨረሻው ውሳኔ የባለሙያው ነው፣ ማሽኑ ድምፁን የሚያሰማው ሲያስፈልግ ብቻ ነው።

ማሽኑ የሚሳሳትበት መንገድ

ጎግል የስኳር በሽታ በዓይን ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት የሚለይ ማሽን ሠርቶ በቤተ ሙከራ አስደናቂ ውጤት አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2019 በታይላንድ ክሊኒኮች ሲሞከር ግን ነርሶቹ ካነሷቸው 1,838 ምስሎች 21 በመቶው ጥራት የላቸውም ብሎ ማሽኑ አላነብም አለ። ክፍሉ ጨለማ አልነበረም፤ ኢንተርኔቱም ይዘገይ ነበር። ዓይኑን ለመታየት ግማሽ ቀን የጠበቀ ገበሬ ውጤት ሳያገኝ ወደ ሌላ ሆስፒታል ሄደህ ታይ ተባለ። መብራት የሚጠፋበትን፣ ካርድ ክፍል ላይ ሲስተም የለም የሚባልበትን ቀን የሚያውቅ የሆሳዕና ነዋሪ ይህን ታሪክ ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ስህተት ከመብራትና ከኔትወርክ ይልቅ የሚያሳስብ ነው፤ ማሽኑ የተማረበት መረጃ ውስጥ የተደበቀ ጥፋት ነው። በአሜሪካ ሆስፒታሎች ሲሠራበት የነበረ አንድ ፕሮግራም ማን ተጨማሪ ክትትል እንደሚያስፈልገው የሚወስነው ለበሽተኛው የወጣውን ወጪ አይቶ ነበር። ለጥቁሮች ቀድሞውኑ ያነሰ ገንዘብ ስለሚወጣ ፕሮግራሙ የባሰ የታመመውን ጥቁር ካለበት ሁኔታ ይልቅ ጤነኛ አድርጎ ይቆጥር እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2019 ተጋለጠ። ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች የማንንም ቀለም አላስገቡም፤ አድልዎው ከገንዘቡ ውስጥ ራሱ መጣ።

እኛም አገር ለዚህ የተዘጋጀ ወጥመድ አለ። ትኩሳትና ራስ ምታት ይዞት ክሊኒክ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ ታይፎይድና ታይፈስ ተገኝቶብሃል ተብሎ ይወጣል። ውጤቱ የሚመጣው ዊዳልና ዌል-ፌሊክስ ከሚባሉ የደም ምርመራዎች ነው። እነዚህ ምርመራዎች ታይፎይድ በተለመደበት አገር አንድ ጊዜ ብቻ ተሠርተው በሽታውን ሊያረጋግጡ አይችሉም፤ ከዓመት በፊት የነበረ ኢንፌክሽን ወይም ሌላ በሽታ ያሳስታቸዋል። በትክክል የሚያረጋግጠው ባክቴሪያውን ከደም ውስጥ አሳድጎ ማየት ነው፤ እሱን የሚሠራ ላብራቶሪ ግን በየወረዳው የለም። አሁን ማሽን በሀዲያና በከምባታ ክሊኒኮች ካርድ ላይ ቢማር የሚማረው ትኩሳት ማለት ታይፎይድ መሆኑን ነው። የእኛን የቆየ ስህተት በሳይንስ ስም አጽንቶ ይመልስልናል፤ አንቲባዮቲኩም በብዛት ይታዘዛል፣ ባክቴሪያውም መድኃኒቱን ይለምዳል። ማሽኑን ከማስተማራችን በፊት ካርዳችንን ማረም ያለብን ለዚህ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ በሌላ አገር መረጃ የተማረ ማሽን የእኛን በሽታ አያውቅም። በደቡብ ደጋማ ወረዳዎች በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሠራ ገበሬ እግሩ የሚያብጥበት ፖዶኮኒዮሲስ የሚባል በሽታ አለ። በሽታውን የሚያረጋግጥ የላብራቶሪ ምርመራ የለም። ሐኪሙ እግሩን ያያል፣ የት እንደኖረና ጫማ ያደርግ እንደነበር ይጠይቃል፣ ሌሎቹን መንስኤዎች አንድ በአንድ ያወጣል። ሕክምናው ውኃ፣ ሳሙና፣ ቅባት፣ ፋሻና ጫማ ነው። ከዚያም በላይ በዘር የመጣ እርግማን ነው ብለው ያገለሉትን ሰዎች የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ስህተት በሰው ላይ የሚታይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የታተመ፣ በፖላንድ የተሠራ ጥናት የአንጀት ምርመራ የሚያደርጉ ልምድ ያላቸው ሐኪሞች በማሽን እገዛ መሥራት ከጀመሩ በኋላ ያለ ማሽኑ ሲሠሩ ወደ ካንሰር ሊያመራ የሚችል እብጠት የሚያገኙበት መጠን ከ28.4 ወደ 22.4 በመቶ መውረዱን አሳየ። ዓይን ካልሠራ ይደክማል። በዋቸሞ ዩኒቨርሲቲና በሆሳዕና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ለሚማሩ ወጣቶች ይህ ማስጠንቀቂያ ነው። ያለ ማሽን መመርመርን ሳይለምድ በማሽን የጀመረ ተማሪ፣ መብራት በጠፋ ሌሊት ተረኛ ሲሆን በሽተኛውን ምን ሊያደርገው ነው?

የሚሰማን ቋንቋ

ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ ጠቅላላ ሐኪም በአማርኛ ይጠይቃል። ከሶሮ ወይም ከአንጋጫ ገጠር የመጡት እናት በሀዲይሳ ወይም በከምባትሳ ይመልሳሉ። መሃል ላይ ነርሷ፣ ነርሷ ከሌለች አስታማሚው ያስተረጉማል። ልጃቸው አስተርጓሚ ሆኖ ሲቆም እናትየው ስለ ማህፀናቸው አይናገሩም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እዚህ ላይ ግን ደብቁ ያላቸው የምርመራ ክፍሉ አሠራር ነው።

ጥሩ የትርጉም ማሽን ይህን ችግር በግማሽ ሊያቃልል ይችል ነበር። አሁን ያለው ሁኔታ ግን ሩቅ ነው። ሜታ እ.ኤ.አ. በ2022 ለ200 ቋንቋ ያወጣው የትርጉም ሥርዓት አማርኛን፣ ኦሮምኛን፣ ትግርኛንና ሶማሊኛን ሲይዝ ሀዲይሳና ከምባትሳ አልተካተቱበትም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ሀዲያ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ፣ ከምባታ ከ600,000 በላይ ሕዝብ ተቆጥሮ ነበር። ሁለቱም ቋንቋዎች በትምህርት ቤት ይሰጣሉ፤ መምህራንም መዝገበ ቃላትም አሏቸው። የጎደለው ሰዎች ስለ ሕመማቸው በራሳቸው አነጋገር የሚናገሩት ነገር በፈቃዳቸው ተቀድቶ፣ ስማቸው ተነስቶለት መሰብሰቡ ነው። ይህን ሥራ የውጭ ኩባንያ መጥቶ እስኪሠራልን መጠበቅ የለብንም፤ የዩኒቨርሲቲው የቋንቋና የጤና መምህራን አብረው ሊጀምሩት የሚችሉት ሥራ ነው።

የቋንቋ መረዳት ብቻ ግን እምነት አያመጣም። ለዚህ ከምባታ ለዓለም የሰጠችው ምስክር ቦጋለች ገብሬ ናት። ከምባታ ተወልዳ፣ በልጅነቷ ተገርዛ፣ ማይክሮባዮሎጂና ኤፒዲሚዮሎጂ ውጭ አገር ተምራ ተመለሰች። እ.ኤ.አ. በ1997 ከእህቷ ጋር ኬኤምጂ የተባለውን ድርጅት አቋቋመች። ግርዛት የሚያደርሰውን ጉዳት በሳይንስ ማስረዳት ትችል ነበር፤ የመረጠችው መንገድ ግን ሽማግሌዎች፣ እናቶች፣ ወጣቶችና የሃይማኖት አባቶች ተቀምጠው የሚወያዩበት የማኅበረሰብ ውይይት ነበር። ያልተገረዘች ሙሽራ በአደባባይ ስትዳር የታየው ከዚያ በኋላ ነው። መረጃው ብቻውን ሰውን አላንቀሳቀሰም። ያንቀሳቀሰው መረጃውን ያመጣችው ሴት የእነሱ ልጅ መሆኗና መልሳ ልትሰማቸው መቀመጧ ነው።

ጎረቤት ሲዳማም ተመሳሳይ ነገር አሳይቷል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት እየሄዱ የሚያስል ሰው እየፈለጉ አክታ እንዲሰበስቡ ሲደረግ፣ በዓመት የሚመዘገበው በአክታ የተረጋገጠ የሳንባ ነቀርሳ በ100,000 ሰው ከ64 ወደ 127 ከፍ አለ። ሕክምናውን በስኬት የጨረሱትም ከ77 ወደ 93 በመቶ ደረሱ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታተመ፤ የተጠቀሙት መሣሪያ ማይክሮስኮፕና የአክታ ዕቃ ነበር። ዋናውን ሥራ የሠራችው በር አንኳኩታ የምትገባዋ፣ ስሟ የሚታወቀው የቀበሌዋ ልጅ ናት። ራጅ የሚያነብ ማሽን ለዚህች ሴት ቢጨመርላት ውጤቱ ይበዛል፤ እሷ ተቀንሳ ማሽኑ ቢቀመጥ ግን ራጅ የሚነሳው ሰው ራሱ አይመጣም።

ሥራ ያጣ ሐኪም ባለበት አገር

መንግሥት ባለፉት ሃያ ዓመታት የሕክምና ትምህርት ቤቶችን በፍጥነት አበዛ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ሐኪም ባጠረበት አገር ተመርቀው ምደባ ያጡ ጠቅላላ ሐኪሞች አሉ፤ ምክንያቱ የበጀት እጥረት ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ጥያቄ ይዘው ሥራ አቁመዋል፤ በርካቶችም ታስረዋል።

ማሽኑ ሥራ ይነጥቃል የሚለው ስጋት በእኛ አገር እውነት የሚሆንበት መንገድ ይህ ነው። ማሽኑ ከሐኪሙ ስለበለጠ አይሆንም፤ ሐኪም መቅጠር ውድ ነው፣ ታብሌት መግዛት ርካሽ ነው ብሎ የሚያስብ በጀት አጽዳቂ ሲገኝ ነው። ያኔ የገጠሩ ሰው ማሽን ይሰጠዋል፤ የከተማው ባለገንዘብ ደግሞ ሐኪም ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ይህን አስቀድመን መቃወም አለብን። ማሽኑ ብዙ በሽተኛ ባገኘ ቁጥር ብዙ ሪፈር ይመጣል፣ ብዙ የሚያክም ሰው ያስፈልጋል። የሳንባ ነቀርሳ ፍለጋው የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው፤ በሽታ ከተገኘ መድኃኒት የሚሰጥና ለወራት የሚከታተል ሰው የግድ ነው።

ስህተቱ የማን ነው?

በኢትዮጵያ ሐኪም ሥራ ከመጀመሩ በፊት የብቃት ምዘና ይፈተናል፤ ፈቃዱ በስሙ ይወጣል፤ በሽተኛ ከተበደለም የጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፊት ይቀርባል። ማሽን ኮሚቴ ፊት አይቀርብም። በናይሮቢ እንደታየው ውሳኔው የባለሙያው ከሆነ ባለሙያው ማሽኑን እንቢ የማለት መብትም፣ ምክንያቱን ካርዱ ላይ የመጻፍ ግዴታም ሊኖረው ይገባል። የሕክምና መሣሪያዎችን የሚመዘግበው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም በሽታ የሚለይ ፕሮግራምን እንደ ማንኛውም የሕክምና መሣሪያ በእኛ በሽተኞች ላይ ተፈትኖ እንዲገባ ሊጠይቅ ይገባል።

የመረጃው ጉዳይ ሌላው ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት ውስጥ ይመድባል። ዛሬ ግን የላብራቶሪ ወረቀት ፎቶ ተነስቶ በቴሌግራም ወይም ወደ ቻትጂፒቲ ሲላክ ስምና ዕድሜ አብሮ ይሄዳል። የኤችአይቪ ወይም የአእምሮ ሕመም መረጃ ሁሉም በሚተዋወቅበት ከተማ ከወጣ የሚያደርሰው ጉዳት በመድኃኒት አይመለስም። ሆስፒታሎቻችን ማሽን ከመግዛታቸው በፊት መረጃው የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚያየው በጽሑፍ ማሳወቅ አለባቸው።

ከአሁኑ መሠራት ያለበት

ከዚህ ዳሰሳ የምወስደው አቋም ግልጽ ነው። የደረት ራጅ ለማንበብ፣ የእርግዝና ዕድሜ ለመለየትና የባለሙያውን ስህተት ለመጠቆም ማሽኑን እንቀበል፤ እነዚህ ሥራዎች ድንበራቸው የታወቀ ነው፣ ውጤታቸውም በሌላ አገር ተፈትኗል። ትኩሳትን ከካርድ ላይ ለሚተረጉም ማሽን ግን ላብራቶሪያችን እስኪስተካከል በሩን አንክፈት። ሀዲይሳና ከምባትሳ የማይሰማ ማሽን ከበሽተኛው ጋር ብቻውን አይቀመጥ። ተማሪዎቻችንም መጀመሪያ በእጃቸውና በጆሯቸው ይማሩ።

ከሁሉም በላይ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ጤና ቢሮም ሆነ ማንኛውም ለጋሽ ድርጅት ማሽን ሲያመጣ፣ ማሽኑ ለሚያገኛቸው በሽተኞች የሚሆን ባለሙያ፣ አምቡላንስና መድኃኒት በዚያው በጀት ውስጥ መኖሩን እንጠይቅ። እነዚህ ካልተያዙ ግዢው ይቆይ፤ ገንዘቡም ምደባ እየጠበቁ ቤታቸው ለተቀመጡት ሐኪሞች መቅጠሪያ ይዋል።